አብራሪ ለእረፍት ድሬ መጥቶ እንቅልፍ ሲያጣ

ጥያቄ፦ ሌሊት የሚበር አብራሪ እረፍቱን ድሬዳዋ ያሳልፋል። ሙቀቱ አያስተኛውም፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ይጠራል። ጭንቀት አለበት፤ ግን ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብሎ ሐኪም ይሸሻል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እባካችሁ በርጫውን ይተው! ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራው አምፌታሚን እንደሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ነው፤ ምርቃናው ሲበርድ ድብርት ይከተላል። ቡናም ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ይብቃው፤ ከጠጣ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም የካፌይኑ (የቡናው አነቃቂ) ግማሽ ደሙ ውስጥ አለ።

መልስ፦ መስኮቱን ፀሐይ ሳይበረታ ዘግቶ ወፍራም መጋረጃ ይጋርድ። ቀን ሲያሸልብ ወይ 20 ደቂቃ ወይ 90፤ መሃል ላይ ከነቃ ጭንቅላቱ ይከብደዋል።

መልስ፦ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራው መደበቁ ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን እንኳ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርትራሊንን የመሰሉ የተወሰኑ የድብርት መድኃኒቶች ለሚወስዱ አብራሪዎች በሐኪም ክትትል ይፈቅዳል። መጀመሪያ የበረራ ሐኪሙን ያማክር፤ የእንቅልፍ ክኒን በራሱ ገዝቶ አይዋጥ።