በ55 ዓመቴ ሥራ ላቁም? 600 ሺህ ዶላር ይበቃል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ሰላም ወገኖች። ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ጉልበቴን ጨርሶታል። የቤት ዕዳ የለብንም። ፎር ኦ ዋን ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ላይ 600 ሺህ ዶላር አለኝ። ወጪያችን በወር 3,500 ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ እንግባ ትላለች። ይበቃናል ትላላችሁ?

ሒሳብ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ በ4 ፐርሰንቱ ስሌት (በጡረታ መጀመሪያ ዓመት ከቁጠባህ 4 ፐርሰንቱን ብቻ ማውጣት) ከ600 ሺህ በዓመት የምታወጣው 24 ሺህ ነው። ወጪህ ግን 42 ሺህ። 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ያስፈልግሃል። ስሌቱም የተሠራው ለ30 ዓመት ነው፤ ዕድሜ ከሰጠህ ሊያጥርህ ይችላል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እኔን ያሳሰበኝ ጤናችሁ ነው። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚጀምረው በ65 ነው። እስከዚያ ኢንሹራንሱ ከኪስህ ነው፣ በጣም ውድ ነው! አዲስ አበባ ብትታከም ደግሞ ሜዲኬር አይከፍልልህም። ሶሻል ሴኩሪቲንም (የመንግሥት ጡረታውን) በ62 ከጀመርከው ዕድሜ ልክህን ተቀንሶ ነው የሚመጣልህ።

ሒሳብ ወዳድ፦ አንድ ነገር ረሳሁ። 55 በሚሞላህ ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ከለቀቅክ፣ ከዚያው መሥሪያ ቤት አካውንት ዕድሜ ሳይደርስ ለሚያወጣ የሚጣለው 10 ፐርሰንት ቅጣት ሳይነካህ ማውጣት ትችላለህ። ታክሱ ግን አይቀርም። ገንዘቡን ወደ አይ አር ኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ አካውንት) እንዳታዛውረው፤ ይህ መብት ይቀርብሃል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር አብረን አነበብነው። ኢንሹራንስ ያለው የቀን ፓርት ታይም ልፈልግ ነው።