የእድሩን መዝገብ ከአክሰስ ወደ ፖስትግሬስ ለማዛወር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ መዝገባችን ያለው በአንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ፣ አክሰስ በተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ብቻ ነው። ሐሳቤ «አባላት»፣ «መዋጮ» እና «ክፍያ» የተባሉትን ሦስት ሠንጠረዦች በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በሚጻፍ ኮድ ፖስትግሬስ ወደተባለው ሌላ የመረጃ ቋት እንገልብጥ የሚል ነው። የጎደለ ካለ ጨምሩበት።

ኮዱን የምጽፈው አባል፦ ቅደም ተከተሉ በረቂቁ ይግባ። መዋጮ ከአባል ቁጥር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ «አባላት» መቅደም አለበት። ሦስቱም በአንድ ትራንዛክሽን ይገልበጡ፤ መሃል ላይ ቢሰናከል የተገለበጠው ሁሉ ይሰረዝና እንደገና እንጀምር። ግማሽ መዝገብ ከምንም ይከፋል።

ገንዘብ ያዥ፦ የቀኑስ ነገር? እኔ ስጽፍ የኖርኩት በእኛው አቆጣጠር ነው። 6/13/2011 ያልኩት ጳጉሜን 6 ነው።

ኮዱን የምጽፈው አባል፦ እትዬ፣ ዋናውን ነገር አነሱት። ኮዱ በፈረንጆች አቆጣጠር ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ሲያነብ 13ኛ ወር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ መቆሙ ደግ ነው። የሚያስፈራኝ 5/6/2011 ነው። እርስዎ የካቲት 5 ብለው የጻፉትን ያለ አንዳች ቅሬታ ጁን 5 ቀን 2011 አድርጎ ያሳልፈዋል። ትክክለኛው ግን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019 ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጽሑፍ እንዳለ በጽሑፍነቱ ይገልበጥ፤ የተቀየረው ቀን በአጠገቡ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ።

የእድሩ ዳኛ፦ አንድም ሳንቲም አለመጉደሉን በምን እናውቃለን?

ጸሐፊ፦ የረድፎቹ ብዛትና የመዋጮው ድምር በሁለቱም በኩል ይነጻጸር። ድምር ብቻውን አይበቃኝም፤ የአንዱ ክፍያ ለሌላው ቢመዘገብም ድምሩ ያው ነው። ሃያ አባላት በዕጣ ወጥተው ከደረሰኝ ጉርዱ ጋር ይመሳከሩ።

ኮዱን የምጽፈው አባል፦ እስማማለሁ። አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፦ የድሮዎቹን የአባል ቁጥሮች እንዳሉ ስናስገባ የፖስትግሬስ ቁጥር ሰጪ አብሮ አይራመድም። ከመጨረሻው ቁጥር ቀጥሎ እንዲጀምር ካላደረግነው ለመጀመሪያው አዲስ አባል 1 ቁጥርን ሊሰጥ ይሞክርና «ተይዟል» ይላል።

ጸሐፊ፦ ሁሉም ገብቷል። ሥራው እሑድ ይሁን?

ገንዘብ ያዥ፦ እሑድማ መዋጮ የምሰበስብበት ቀን ነው! እናንተ ስትገለብጡ እኔ አሮጌው ላይ ልመዘግብ ነው?

ጸሐፊ፦ እውነትዎን ነው። «ማክሰኞ ማታ፤ እስኪመሳከር ድረስ አሮጌው መዝገብ ለንባብ ብቻ ይሁን» ብዬ አርሜዋለሁ።