የሰርግ ፎቶ፦ አቁሞ ማንሳት ይሻላል ወይስ ሳያዩ? ኤዲቱስ የት ላይ ይቁም?

የሙሽራዋ እህት፦ የጅማ ልጆች፣ እስቲ ፍረዱኝ። እህቴ ጥር ላይ አገባች፣ አልበሙ ባለፈው ሳምንት መጣ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስትገልጥ ቆየችና አንድ ገጽ ላይ "ይቺ ማናት?" አለች። ራሷ ናት! አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት የለም። ልጅ ሆና አያቷ ያስነቀሷት ነው፣ እኛ እናታችንን ያለሱ አናውቃትም። ግንባሯ እንደ ሳህን ተወልውሏል፣ መልኳም ቀልቷል። ይሄ ሳያንስ ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወስዶ "አገጭ ቀና፣ እጅ ወገብ ላይ" ሲላቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ፣ እንግዳው አዳራሽ ቁጭ ብሎ ምግቡን እያየ ይጠብቃል። ሙሽራ ተዋናይ አይደለችም። እንደሆነው ይነሳ፣ ኤዲት የሚባለውም ይቅር።

ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ፦ በንቅሳቱ ልጁ አጥፍቷል፣ አልከራከርሽም። "ኤዲት ይቅር" ያልሽው ግን አያስኬድም። ቬሎው ነጭ ነው። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልማል፣ ተጎጂው የሙሽራዋ ፊት ነው። ማታ ቁጭ ብዬ ፊቷን ወደነበረበት እመልሳለሁ። ይሄ ውሸት ነው? ለዚህ ብዬ ነው በሮው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ የማነሳው። ጄፔግ፣ የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384። የጄፔጉን ጥላ ጎትተሽ ካበራሽው የሻገተ ይመስላል።

ባለፈው ዓመት ያገባሁ፦ መመለስ ካልክ እሺ። ታዲያ ለምንድነው ሰፈሩ ሁሉ ቀይ ሆኖ የሚወጣው?

ኤዲት የምሠራ፦ ሰዉ ራሱ "ትንሽ ቀላ አድርገኝ" ይላላ! ነገሩ ደግሞ የቆየ ነው። በፊልም ጊዜ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፣ "ሸርሊ" ይሏታል። የሁሉም ሰው ቀለም በእሷ ቆዳ ይለካ ነበር።

ባለፈው ዓመት ያገባሁ፦ ሸርሊን ተዋት ወንድሜ። አሁን ማውሱን የያዝከው አንተ ነህ።

የሙሽራዋ እህት፦ 😂 ፈረንሳይ እኮ በፈረንጆቹ 2017 የሞዴሉ ሰውነት በኤዲት የተቀየረበት ማስታወቂያ "የተነካካ ፎቶ" የሚል ይጻፍበት ብላለች።

ኤዲት የምሠራ፦ እሱ ለማስታወቂያ ነው። የእናትሽ አልበም ላይ ማኅተም ልንመታ ነው?

የመርካቶ ልጅ፦ ካንዲድ ካንዲድ፣ ሰው ሳያውቅ ይነሳ፣ የምትሉ ሰዎች የኔንም ስሙኝ። ኒካዬ ቀን ሴቶች ክፍል ካሜራ የያዘችው ሴት ናት ብለን ፈታ አልን። ሻሽ ወለቀ፣ ተጨፈረ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ፀጉሯን ገልጣ ስትጨፍር ቴሌግራም ቻናል ላይ ወጣች፣ አምስት ልጅ የወለደች፣ ሰው የሚያከብራት ሴት፣ ከዛ ወዲህ እኛ ቤት ካሜራ ካየች ወደ ጓዳ ነው የምትገባው። አልተጠየቀችም። ፖዝ ቢያስጠላም ሰው እየተነሳ መሆኑን ያውቃል።

ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ፦ ይሄ ውል ላይ መጻፍ አለበት። ማንሳትና መለጠፍ ለየቅል ናቸው።

ባለፈው ዓመት ያገባሁ፦ እኔ ያንቺ ዓይነት ሰው ነበርኩ፣ የሙሽራዋ እህት። "ማንንም እንዳታቆም" ብዬ ቀብድ ከፈልኩ። ፎቶው ጉድ ነው፣ የሚዜዎቹ ሳቅ፣ ድንኳኑ ውስጥ የገባው ጸሐይ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሽ ሙሽራ። አያቴ ግን ስድስት ፎቶ ላይ ብቻ አለች፣ ወይ ጀርባዋን ሰጥታ ወይ ስትጎርስ። ከሰርጉ አራት ወር ሳይሞላ አረፈች። አጠገቤ ቆማ ካሜራውን ያየችበት አንድም የለኝም። ለሐዘኑ የተሰቀለው የመታወቂያ ፎቶዋ ነው።

የሙሽራዋ እህት፦ ነፍስ ይማር። ምን እላለሁ... እኛም ቤተሰቡ ተደርድሮ የተነሳው አንድ አለን፣ እማዬ የምትወደው እሱን ነው፣ ማን የት እንደቆመ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። እኔ ደግሞ የጉልበት ስሞሹን። አባቴ ሊመርቅ አፉን ከፍቶ ቃል ጠፍቶበት፣ እጁ እህቴ ራስ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ቀርቷል። እሱን ማን "እንደገና" ሊለው ነው?

ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ፦ ማንም። እኔ ቤተሰቡን ጠዋት፣ ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ፣ ደጃፍ ጥላው ላይ አቁሜ በሃያ ደቂቃ እጨርሳለሁ። እኩለ ቀን ላይ ጅሬን ሜዳ ላይ ብታቆሚያቸው ጸሐዩ ከአናት ስለሆነ የሁሉም ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ከዛ በኋላ ዝም ብዬ እከተላለሁ። የአያትና የአክስቶችን ስም ዝርዝር ግን ቀድማችሁ ስጡኝ፣ በመልክ አላውቃቸውም። እናትሽን በተመለከተ፣ ልጁ ሮውን ካልሰረዘ ንቅሳቱ እዛው አለ። ጠይቂው።

የሙሽራዋ እህት፦ አሁን ደወልኩ። አልሰረዘም። ማታ ፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ የእማዬን ገጽ እንደገና ያትመዋል። እህቴ ግን "የኔን ብጉር እንዳታስመልሺ" ብላኛለች።