ለዕለት ሥራ የማያስቸግር ሊኑክስ የቱ ነው?

ጠያቂ፦ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10ን አጥፍቼ ሊኑክስ ልጭን ነው። ብሮውዘር፣ ሰነድና አማርኛ መጻፍ ይበቃኛል። ከሊኑክስ ዓይነቶች ደቢያን ይሻለኛል ወይስ ሚንት?

መልስ፦ ሚንት 22፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀላል ዴስክቶፕ ያለውን ውሰድ። ሲናመን የተባለው ከበድ ያለ ዴስክቶፕ በ4 ጊጋ ላይ ብሮውዘር ሲከፈት ይጎተታል። የሚንት 22 መሠረት ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ሊኑክስ ስለሆነ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ዊንዶውሱን ሳትነካ መጀመሪያ ሚንትን ከፍላሽ አስነሥተህ ዋይፋዩንና ድምፁን ፈትሽ። የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ሥሪት ከሆነ ዋይፋዩ ላይታይ ይችላል፤ ስልክህን በዩኤስቢ ሰክተህ ኢንተርኔቱን አጋራና ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከሚንቱ ድራይቨር ማናጀር ጫንለት።

ሌላ መልስ፦ ደቢያንም እኮ ከስሪት 12 ወዲህ ቀሏል፣ ፈርምዌሩ (እንደ ዋይፋይ ካርድ ያሉ ዕቃዎች እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር) ከመጫኛው ጋር ይመጣል። ብቻ ሲጫን የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ሲጠይቅህ ባዶውን እለፈው፤ ከሞላኸው ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማዘዣው) አይፈቅድልህም።

ሦስተኛ፦ ለአማርኛ አይባስ ኤም17ኤን የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጫን። መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘውን ታይምሺፍትንም ክፈት፤ ግን የሚያስቀምጠው ሲስተሙን ነው፣ ሰነዶችህን ለብቻ ቅዳ።