ወተት በጠጣ ቁጥር ተቅማጡ ለሚብስበት ሕፃን ምን ይሰጠዋል?

የናቲ አባት፦
እባካችሁ በፍጥነት መልሱልኝ፤ ፋርማሲው ሊዘጋ ነው። ልጄን ተቅማጥ ከያዘው ሁለት ሳምንት አልፎታል። መጀመሪያ ትውከትና ትኩሳት ነበረው፤ እነዚያ ከቆሙ በኋላ ግን የላም ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ብዙም ሳይቆይ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ይወጣዋል። መቀመጫው ቀልቷል፤ ክብደቱም ቀንሷል። የወተት አለርጂ መሆኑ ገብቶኛል፤ ተቅማጡን ቀጥ የሚያደርግ ምን መድኃኒት ልግዛለት?

የወሎ ልጅ፦
የልጁን ዕድሜ ሳይነግሩን መድኃኒት የሚያዝልዎት ሰው ከተገኘ፣ ፋርማሲው ቢዘጋ ይሻላል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ለአዋቂ የሚሰጠውን ተቅማጥ ማቆሚያ ለሕፃን እንዳይሰጡ፤ የአንጀቱን እንቅስቃሴ ይገታል እንጂ በሽታውን አያድንም። የሚገዙለት ኦአርኤስና ዚንክ ነው። አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡና፣ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉት። ዚንኩ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን በቀን 20 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ይቅርበት፤ ሳይመጠጥ አንጀት ውስጥ የቀረ ስኳር ከሰውነት ውኃ እየሳበ ተቅማጡን ያብሳል። በኦአርኤስ ውስጥ ያለው ስኳርና ጨው ግን ተመጥኖ የተቀመመ ስለሆነ፣ በታመመ አንጀት ውስጥም ቢሆን ተያይዘው ወደ ሰውነት ይገባሉ፤ ውኃውም ይከተላቸዋል።

እማማ የሺ፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም በእኛ አገር እንዲህ ያለው ተቅማጥ የግግ ነው ይባላል። የባህል አዋቂ ቢያዩለት ጥሩ ነው።

የላብራቶሪው ሰው፦
እማማ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ግግ የሚባለው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው፤ ድድ ፈልፍሎ ማውጣቱ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል መመርቀዝ ያጋልጠዋል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።
አባቱም አለርጂ ያሉትን እጠራጠራለሁ። ከሕመሙ በፊት ወተት ይስማማው ነበር?

የናቲ አባት፦
ዕድሜው 1 ዓመት ከ4 ወር ነው። ወተት ያለ ችግር ይጠጣ ነበር። ጡትም ይጠባል፤ እሱንም እናስቁም? የሮታ (ተቅማጥ የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባት ተከትቧል፤ ሰገራውም አንድ ጊዜ ተመርምሮ «ምንም የለም» ተብሏል።

ታዛቢ፦
ኦአርኤስ ይስጡት።

የወሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን፤ ነርሷ ሳይናገሩት የቀረ ነገር ነበር።

የላብራቶሪው ሰው፦
የሮታ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ከባድ ሕመምን በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ ተቅማጥን ሁሉ አይከለክልም። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ምንጣፍ ጠጉር በቆሙ ጥቃቅን እጥፋቶች የተሸፈነ ነው። የወተትን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የሚገኘው በተለይ ጫፋቸው አካባቢ በመሆኑ፣ ቫይረስ ግድግዳውን ሲያቆስለው በቀላሉ ይጎድላል። ያልተፈጨው ላክቶስ ውኃ ይስባል፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስም ባክቴሪያዎች አብላልተው ጋዝና አሲድ ያወጡበታል። መነፋቱም የመቀመጫው መቅላትም በዚህ ሊመጣ ይችላል። ግድግዳው ሲያገግም ኢንዛይሙ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ እስከዚያ የላም ወተቱን ቀንሰው በእርጎ ይተኩለት፣ ጡትና ምግብ ግን አያቋርጡበት።
ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ቅባት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ ሰገራው የሚከረፋና ቅባታማ ይሆናል። በየቀኑ ከሰገራ ጋር ስለማይወጣ፣ በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና ቢታይ ይሻላል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ተቅማጥ 14 ቀን ካለፈውና ክብደት ከቀነሰ የቤት ጉዳይ አይደለም፤ ኦአርኤሱን በመንገድ እየሰጡት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ፣ ፈዞ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ነገን አይጠብቁ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ አለበት?

የወሎ ልጅ፦
የናቲ አባት፣ እየጠበቅንዎት ነው። ሽንቱንስ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሸና?