ካስኮ በቀቀን ከሱፍ በቀር አልበላም አለ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ሻርጃ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምሠራበት ቤት ካስኮ የሚሉት ግራጫ፣ ጭራው ቀይ በቀቀን አለ። ከቅልቅሉ ጥሬ የፈረንጅ ሱፉን ብቻ ለቅሞ ሌላውን ይበትነዋል። ፔሌት (ለበቀቀን ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ድብልብል መኖ) ገዙለት፣ አልነካውም። ካሮት ስሰጠው ወረወረው። ማዳም «ጥሬውን አንሺበት፣ ሲርበው ይበላል» ትላለች። ይበላ ይሆን?

ላባ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳታነሺበት። ፔሌት ምግብ መሆኑን ያላወቀ በቀቀን ሙሉ ሳህን አጠገቡ እያለ በረሃብ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ በግራም የሚመዝን የኩሽና ሚዛን ፈልጊ፤ በየጠዋቱ ከመብላቱ በፊት መዝኚው። ካስኮ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ግራም ነው። 450 የነበረው 430 ከገባ ለውጡን አቁሚና የለመደውን ስጪው፤ 405 ከደረሰ ሐኪም ይየው። ኩሱ ካነሰና ከጠቆረም እየበላ አይደለም።

አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ ፔሌቱን ፈጭተሽ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ከጥሬው ጋር ለውሺው። ሱፉን ሲፈለፍል ዱቄቱ ምላሱ ላይ ይቀራል። 3 እጅ ጥሬ በ1 እጅ ፔሌት ጀምረሽ ክብደቱ ካልወረደ በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ፔሌቱን ጨምሪ። ወራት ሊፈጅ ይችላል። የታሸው ቶሎ ስለሚሻግት በየቀኑ አዲስ ይሁን፣ እርጥብ ሆኖም አይቆይ።

ጎመን በጤና፦ አትክልቱን ጠዋት፣ ከጥሬው በፊት ስጪው። ትልልቅ ቁራጭ ይወረውራል፤ ካሮቱን ፈቅፍቂው፣ ዱባና ቢጫ ስኳር ድንች ቀቅለሽ ፍጪለት፣ ጥቂት ሱፍ ጣል አድርጊበት። ሱፉን ሲፈልግ ምንቃሩ ይነካካል። የታጠበ የጎመን ቅጠል ከነውሃው ከላይ ስቀዪለት፣ ፊቱም አንቺ ብዪ፤ ያኔ ይቀናል። ቃሪያም ጨምሪለት፣ ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም። በርበሬ ግን ሽንኩርትና ጨው ስላለበት አይሆንም።

ቀይ ጭራ፦ ዋናው ነገር ካልሲየም ነው። ሱፍ ስብ እንጂ ካልሲየምም ቫይታሚን ኤም የለውም ማለት ይቻላል፤ ካስኮ ደግሞ ካልሲየም ሲያጥረው ይንቀጠቀጣል፣ ከእንጨቱ ይወድቃል። ጎመን ጥሩ ነው፤ ቆስጣና ስፒናች ግን ካልሲየሙን ስለሚይዙት አይተኩትም። ፀሐይም ያስፈልገዋል፤ በመስታወት በኩል የምትገባው አትጠቅምም። ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ አውጪው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ፔሌቱን ከለመደ አትክልቱን ልተው?

ላባ፦ አትተዪ። ከ60 እስከ 70 በመቶ ፔሌት፣ የቀረው በብዛት አትክልት፤ ፍራፍሬ ስኳር ስላለው በጣት የሚቆጠር፣ ሱፍ ለሽልማት ብቻ። የተቀቀለ ምስርና ሽምብራም ይሆናል፤ ያልተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ ግን መርዝ አለበት።

ጎመን በጤና፦ አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡናና ነጭ ሽንኩርት አጠገቡ አይድረስ። ፖም ከነዘሩ አትስጪ። የሻገተ ለውዝም ጉበት ይጎዳል። እርጥብ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ይነሣ፤ ኤሲ ከሌለ በ1 ሰዓት።