ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ መኪና የማይበዛበት የብስክሌት መንገድ የት እናገኛለን?

ጠያቂ (ሴን-ዴኒ፣ ፓሪስ አጠገብ)

ሰላም ወገኖቼ። እኔና ባለቤቴ በሰኔ አጋማሽ አምስት ቀን እረፍት አግኝተናል፤ የፈረንሳይን ገጠር በብስክሌት ማየት አሰብን። ብስክሌቶቻችን ቀጭን ጎማ ያላቸው የአስፋልት ብስክሌቶች ናቸው (28 ሚሊ ሜትር)። በቀን ከ60 እስከ 75 ኪሎ ሜትር እንነዳለን፤ ትንሽ ዳገት አይከብደንም። የሚያስፈራን መኪናው ነው። ባለፈው ሚያዝያ ከቤት ተነስተን ወደ ሰሜን ስንወጣ ስልኩ አጭሩን መንገድ ብሎ ዋናው መንገድ ላይ አወጣን። አንድ ተሳቢ በጎኔ ሲያልፍ ክንዴን ሊነካኝ ትንሽ ነው የቀረው። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከከተማ ወጥታ አልነዳችም።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ የት እንሂድ? ጸጥ ያለውን መንገድ ከሌላው በምን ልለየው? ብስክሌት ባቡር ላይ ይጫናል ወይ? ጊዜው የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ገጠር ውስጥ ምን እንበላለን?

ከቱር

ወንድሜ፣ ከፓሪስ መንዳት አትጀምሩ። ባቡር ተሳፍራችሁ ከከተማው ውጡና እዚያ ጀምሩ፤ ያ የሚያስፈራው ክፍል ያን ጊዜ ይቀርላችኋል።

እኔ የሎዋርን ወንዝ ነው የምመክራችሁ። ላ ሎዋር ኣ ቬሎ የሚባለው መንገድ ከኔቬር አጠገብ ተነስቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለእናንተ ከኦርሌያን እስከ አንዤ ያለው ይበቃል፦ ኦርሌያን፣ ብሏ፣ ቱር፣ ሶሚዩር፣ አንዤ። በአራት ቀን አለቀ፤ አምስተኛው ቀን ለመመለሻ ነው። ኦርሌያን ከፓሪሱ ኦስተርሊዝ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው አለ። መንገዱ ሁሉ አስፋልት አይደለም፤ የተጠቀጠቀ ጠጠር የሆነ ቦታ አለው። በደረቅ ቀን 28 ጎማ ያልፋል፤ ዝናብ ከጣለ ግን ቀስ ማለት ነው። ንፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ፊት ለፊት ትገጥሙታላችሁ፤ ጠዋት በጊዜ ውጡ። ከቱር ወደ ሶሚዩር ስትሄዱ ደግሞ በሰሜኑ ዳርቻ ዲ952 የሚባል መንገድ አለ። ወንዙን ከላይ ሆኖ ያሳያል፣ መኪናው ግን ይበርበታል። በደቡብ በኩል፣ በቪላንድሪ አድርጋችሁ ምልክቱን ተከተሉ። ካንድ-ሴን-ማርታን ስትደርሱ ውረዱና ቪዬን ወንዝ ከሎዋር ጋር ሲገናኝ እዩ፤ እኔ በየዓመቱ እዚያ ቁጭ ሳልል አላልፍም።

ማደሪያ ስትፈልጉ «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ። ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታ አላቸው።

ስለ ጾሙ አታስቡ። ዳቦ ቤት ገብታችሁ «ባገት ትራዲስዮን» በሉ፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ክሯሳንና ብሪዮሽ ቅቤ አለባቸው። ምስርና ሽምብራ በቆርቆሮ፣ ለውዝ፣ ተምርና ፍራፍሬ ከሱፐርማርኬት ይገኛል። ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ገጠሩ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰኞም ብዙ ዳቦ ቤት አይከፍትም። የእሑድና የሰኞ ስንቃችሁን ቅዳሜ ያዙ።

ባለ ካርታው (ዲዦን)

እኔ ደግሞ ወንድሜ ከጠየቅኸው ሁሉ ሁለተኛውን ነው የወደድኩት። መንገድ መለየት ከቻልክ ፈረንሳይ ሙሉዋ ያንተ ናት። ሠላሳ ዓመት ስነዳ የለየሁትን ልንገርህ።

ቁጥሩ በ«ኤ» የሚጀምረው አውቶሩት፣ ማለት ፈጣኑ የመኪና መንገድ ነው፣ ብስክሌት አይገባበትም። «ኤን» ብሔራዊ ነው፣ ሽሸው። «ዲ» የአውራጃው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዲ ስለሆነ ብቻ ጸጥ ያለ አይደለም። መንግሥት በ1970ዎቹና እንደገና በ2006 ብዙ የኤን መንገዶችን ለአውራጃዎቹ አስረክቧል። ቁጥራቸው ተቀየረ እንጂ መኪናው ያው ነው። ብዙ ጊዜ በአሮጌው ቁጥር ፊት 9 ወይም 6 ይጨመርበታል፦ በቱር አካባቢ ኤን10 የነበረው ዛሬ ዲ910 ነው። የቱሯ እህታችን አትሂዱበት ያለችው ዲ952ም ድሮ ኤን152 ነበር። ስለዚህ በ9 የሚጀምር ባለ ሦስት አኃዝ ዲ ስታይ ቆም ብለህ ካርታህን ተመልከት።

ካርታ ስል የወረቀቱን ሚሽላን ማለቴ ነው። ቀዩ ዋና መንገድ ነው፣ ቢጫው መካከለኛ፣ ነጩ የገበሬ መንገድ ነው። ነጩን ከነጩ ጋር እያገናኘህ ከመንደር ወደ መንደር ሂድ። ዳሩ አረንጓዴ መስመር የተሰመረበት ደግሞ ውብ እይታ አለው ማለት ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ከሆነ ግን ለመኪና ነጂ እንጂ ለእኛ አይደለም። ስልክ ላይ የምትሠራ ከሆነ «አጭሩ» የሚለውን አጥፋና ለብስክሌት የተሠራ መተግበሪያ ተጠቀም፤ ከዚያም መስመሩን በሳተላይት ፎቶ እያየህ አረጋግጥ። መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያልተቀባ አስፋልት ካየህ የምትፈልገው እሱ ነው።

ውኃ ሲያልቅብህ ወደ መቃብር ስፍራ ሂድ። እዚህ አገር ሰው የዘመዱን አበባ የሚያጠጣበት ቧንቧ እዚያ አለ። «ኦ ኖን ፖታብል» ተብሎ ከተጻፈበት አይጠጣም።

መንደር ውስጥ ደግሞ ከቀኝህ ከጠባብ ቅያስ የሚወጣ መኪና፣ ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ቅድሚያ አለው። ሾፌሩ ዞሮ ሳያይህ ይወጣል። ከከተማ ውጭ ሲደርብህ ሜትር ተኩል፣ ከተማ ውስጥ አንድ ሜትር ሊርቅህ ሕግ ያስገድደዋል፤ ጠርዙ ላይ ተጣብቀህ ከነዳህ ግን በጠባብ መንገድ ቦታ ያለ ይመስለውና ይጋፋሃል። ከጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ገባ በል።

ከቱሉዝ

ሰው ሁሉ ካናል ዱ ሚዲ የሚባለውን ቦይ ይላችኋል። ውብ ነው፣ ግን በቀጭን ጎማ አይሆንም፤ ከቱሉዝ ወጥታችሁ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ አስፋልቱ ያልቅና የዛፍ ሥር የሞላበት ጠባብ መሄጃ ይሆናል። በዚያው ፋንታ ከቱሉዝ ወደ ቦርዶ የሚወስደው የጋሮን ቦይ ዳር አስፋልት ነው፣ ጥላም አለው። ለአምስት ቀን ግን ከፓሪስ ሩቅ ነው።

ከሊዬዥ (ቤልጅየም)

ባለቤትህ ከደነገጠች፣ የመጀመሪያ ጉዞዋ መኪና ጨርሶ የማይገባበት ይሁን። ከሻርልቪል-ሜዚዬር እስከ ዢቬ፣ ትራንስ-አርደን የሚባል ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አለ፤ የመዝን ወንዝ ተከትሎ በአርደን ደኖች መካከል ይጠማዘዛል። አስፋልት ነው፣ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፤ ወንዙ ወደ ቤልጅየም ስለሚፈስ ከሻርልቪል ብትነሡ ይሻላችኋል። ሞንቴርሜ ላይ ወንዙ መንደሩን ዞሮት ሲሄድ ታያላችሁ። ፊዩሜ የጣሪያ ድንጋይ ይወጣባት የነበረች ከተማ ናት፤ ጥቁር ጣሪያዎቿን አትለፏቸው።

ባቡርን በተመለከተ፦ ከዢቬ ወደ ሻርልቪል በየመንደሩ የሚቆም ቴኧኤር (የክልል ባቡር) አለ። ስለዚህ ሲደክማችሁ የትም መሳፈር ትችላላችሁ። ቴኧኤር ላይ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው፤ በበጋ ግን አንዳንድ መስመር ላይ ቦታ ማስያዝ ስለሚያስፈልግ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ቴዤቬ (ፈጣኑ ባቡር) ከሆነ ብስክሌቱ ተፈትቶ 130 በ90 ሴንቲ ሜትር ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ሳይፈታ ከሆነ ቦታ ባለው ባቡር ብቻ፣ ከፍሎ አስይዞ ነው።

የጠያቂው ባለቤት

እኔ ነኝ ያቺ የደነገጥኩት፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያደግኩት ሐረር ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በየቀኑ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የአርተር ራምቦን ቤት አልፈው ነበር። ሻርልቪል የእሱ ከተማ መሆኗን ካነበብኩ ወዲህ ልቤ እዚያ ሆኗል። መዝን መርጫለሁ፤ ከተመቸኝ በሚቀጥለው ዓመት ሎዋርን እናደርጋለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ከፊት ልንዳ ከኋላ?

ባለ ካርታው (ዲዦን)

ከፊት ንጂ የኔ ልጅ። ፍጥነቱ ያንቺ ይሁን። ባልሽ ከኋላሽ ሆኖ ከአንቺ ትንሽ ወደ ግራ ገባ ይበል፤ የሚመጣው መኪና ቀድሞ የሚያየው እሱን ስለሆነ ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከኋላ መኪና ሲሰማ «መጣ» ይበልሽ፣ አንቺ ዞረሽ አትዪ። ምሽት ከሆነ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያ ከከተማ ውጭ ግዴታ ነው።

ከሊዬዥ (ቤልጅየም)

እህቴ፣ ራምቦ በ1854 ሻርልቪል ተወልዶ በ1891 ማርሴይ ሞተ፤ የተቀበረው ግን እዚያው ሻርልቪል ነው። ሙዚየሙ መዝ ዳር አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፣ ከዋናው አደባባይ ከፕላስ ዱካል በእግር ጥቂት ደቂቃ። መቃብሩ ከተማው መቃብር መግቢያ አጠገብ ነው፤ ሰው ለእሱ ደብዳቤ የሚጥልበት የፖስታ ሣጥንም አለ። ከሐረር የመጣ ደብዳቤ ቢደርሰው ደስ ይለኛል።

ጠያቂ

ወደ ሻርልቪል ለመሄድ የራንስ ከተማን ባቡር ትኬት ዛሬ ቆረጥን። ሰኔ 9 ጠዋት «ጋር ደ ሌስት» ከሚባለው የፓሪስ ባቡር ጣቢያ እንነሣለን።